ከጦሳ ወደ ኪሊማንጃሮ፦ የአምስታችን የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ደሴ

ዛሬ ተጀመረ። ከአሁን በኋላ የምንሠራውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ። ከእኛ በኋላ ከወሎ ተነስቶ በረዶ ያለበት ተራራ ልውጣ የሚል ሰው ቢኖር ከዜሮ እንዳይጀምር ብዬ ነው።

አምስት ነን። ጋሼ የመንገድ ቀያሽ ነበሩ፤ 61 ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ ከወጡ ዓመት አለፋቸው። ሲስተር ነርስ ናት። ቲቸር ጂኦግራፊ ያስተምራል። ሹፌራችን ደሴ ኮምቦልቻ መስመር ላይ ሚኒባስ ይነዳል። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ነኝ፤ ማደሪያዬ ደሴ ስለሆነ በየቀኑ የምመላለሰው በእሱ መኪና ነው፤ አምስታችንም የተዋወቅነው እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሐሳቡን ያመጡት ጋሼ ናቸው። ሁለት ዓመት እቁብ ጣልን፣ ብሩ ሞላ።

የምንወጣው ኪሊማንጃሮ ነው። ታንዛኒያ፣ 5,895 ሜትር፣ የአፍሪካ ትልቁ ተራራ። ፓርኩ ያለ ጋይድ ማንንም አያስገባም። ስለዚህ ከሞሺ ከተማ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ይዘናል። መንገዳችን ማራንጉ ይባላል፤ በድንኳን ሳይሆን በጎጆ የሚታደርበት ብቸኛው መንገድ እሱ ነው። በአምስት ቀን ያስወጣሉ፣ በስድስትም ያስወጣሉ። ስድስቱን መረጥን። አንዷ ቀን ሰውነት አየሩን እንዲለምድ የምትሰጥ ነች፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ እሷን መቁረጥ ትልቅ ስህተት ነው።

«የደሴ ሰው ከፍታ ለምዷል» ይሉናል። ግማሹ እውነት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከባሕር ጠረፍ ከሚነሳ ሰው እንሻላለን። ግን ከደሴ እስከ ጫፉ ገና ከ3,000 ሜትር በላይ ይቀራል። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ግማሽ ያህል ነው። አየሩ ውስጥ ያለው ድርሻ አይቀንስም፣ ያው 21 ከመቶ ነው፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ቲቸር ይህን በባዶ ሃይላንድ አሳየን። ደሴ ላይ ክዳኑን አጥብቆ ዘጋና ኮምቦልቻ ስንወርድ ከቦርሳው አወጣው። ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨማዶ ነበር። በ650 ሜትር ልዩነት ብቻ!

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ጦሳ ተራራ ወጣን። ከፒያሳ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሳን። ሹፌሩ ቤቶቹን ገና ሳንጨርስ ጥሎን ሄደ። ቲቸርና እኔ እንድረስበት ብለን ተጣደፍን። ሲስተር ጋሼን ይዛ ከኋላ ቀረች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጉሙ ወረደ። መጀመሪያ ከተማው ጠፋ፣ ቀጥሎ ከፊቴ ያለው ባሕር ዛፍ፣ ቀጥሎ የቲቸር ጀርባ። ተጠራራን። ጉም ውስጥ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። አምስታችንም እስክንገናኝ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ስንደርስ ሲስተር ጋሼን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ሻርፗን አልብሳቸዋለች።

ጋሼ አልተቆጡም። «እዚህ የጠፋ ሰው እረኛ ያገኘዋል። እዚያ ግን በረዶ ነው» አሉና ዝም አሉ። ከቁጣው ይልቅ ዝምታቸው ከበደኝ።

ማታ እሳቸው ቤት ቡና ተፈላ። ፈንዲሻው መሃል ላይ ወረቀት አወጡና ሦስት መስመር ተጻፈ። የመጀመሪያውን ሹፌሩ ራሱ ነው የተናገረው፦ የቡድኑ ፍጥነት የዘገየው ሰው ፍጥነት ነው። ሁለተኛውን ቲቸር አለው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መንገዳገድ የተሰማው ሰው አይደብቅ። ሦስተኛው የሲስተር ነው፦ ጋይዱ ውረድ ያለው ሰው ይወርዳል፣ ከመሃላችን ማንም ገብቶ አይለምንለትም። ሹፌሩ «ግን ሰውዬው ራሱ ደህና ነኝ ካለስ?» ብሎ ጠየቃት። «ታማሚ ራሱን አይመረምርም» አለችው። አምስታችንም ፈረምን። ወረቀቱ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ እኔ ዘንድ ተቀመጠ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ስለ ጫማ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ዛሬ ልሰበር ነበር።

ከሰልባጅ ተራ የተራራ ጫማ ገዝቼ ነበር። ሻጩ «ወላሂ አንድ ቀን አልተረገጠበትም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው። ዛሬ አዝዋ ገደል ላይ ቁልቁል ስንወርድ የቀኝ እግሬ ሶል ከፊት በኩል እንደ አፍ ተከፈተ። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ሙሉ በሙሉ ተገነጠለና ተንሸራተትኩ። ቲቸር በቦርሳዬ ማንጠልጠያ ያዘኝ። ወደ ቤት የተመለስኩት ሶሉን በሲባጎ አስሬ ነው።

አራዳ ያለው ጫማ ሰፊ ገልብጦ አየው። ማስቲሽ ያደርግበታል ብዬ ስጠብቅ በአውራ ጣቱ መሃሉን ተጫነው። ከሶሉና ከቆዳው መካከል ያለው ስፖንጅ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ፤ ቢጫ ዱቄት ጉልበቱ ላይ ረገፈ። «ይሄ ማስቲሽ የሚይዘው አይደለም፤ ከውስጥ ሞቷል» አለኝ። በኋላ ሳነብ ገባኝ። ይህ ዓይነቱ ስፖንጅ ለዓመታት ሳይለበስ ሲቀመጥ የአየር እርጥበት እየበላው ይሟሽሻል። ውጪው ቆዳ ግን ምንም አይሆንም። ስለዚህ አሮጌ የተራራ ጫማ ስትገዙ ቆዳውን ማየት አይበቃም። ጎኑን በጥፍር ተጫኑት፤ ምልክት ትቶ ካልተመለሰ ወይም ከተሰነጠቀ ተዉት።

ከአዲስ አበባ ሌላ አስመጣሁ፤ በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ። ወፍራም ካልሲ ለብሼ ከተረከዜ በኋላ አንድ ጣት ይገባል። ቁልቁለት ላይ የእግር ጣት ከፊት እንዳይገጭ ነው። እስከ ጥር በየቀኑ እየረገጥኩ እገራዋለሁ፤ ሥራም የምሄደው እሱን አድርጌ ነው።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

የገምባሌያችን ስፌት ዛሬ አለቀ። የመጨረሻው ዳገት ላይ ጠጠርና አመድ ጫማ ውስጥ ይገባል ስላሉን፣ በረዶውም አለ። ልብስ ሰፊያችን በወፍራም ሸራ ቆርጦ ከጎን ዚፕ፣ ከላይ ላስቲክ አደረገለት። ችግር የሆነው ከጫማው ሥር የምታልፈው ማሰሪያ ነች። በጨርቅ ቢያደርጋት በአንድ ቀን ጦሳ ላይ ተበላች። በሌጦ ቢሞክር ረጥባ ተለጠጠች። ሹፌሩ ጋራዥ ከተጣለ መኪና የደህንነት ቀበቶ ቆርጦ አመጣ። እሱ ነው የያዘው። ሦስት ጊዜ ጦሳ ወጥተንበት ጫፉ እንኳ አልተተረተረም።

ልብስን በተመለከተ ዋናው ነገር ጥጥ መተው ነው። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ የያዘውን ላብ ብርዱ ያቀዘቅዘዋል። ጋቢ ጎጆ ውስጥ ለመተኛት እንጂ ለመንገድ አይሆንም። ከሥር ስስ ሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ፣ ከመሃል ፍሊስ፣ ከላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ጃኬት። ጋሼ ባና ካልያዝኩ አሉ። ተመዘነ፣ ከበደ፣ ቀረ። የተሸካሚዎች ሸክም በር ላይ ይመዘናል፤ ለአንድ ሰው ከ20 ኪሎ በላይ አይፈቀድም። ያ ኪሎ በሰው ጀርባ የሚወጣ ነውና እኛም ቤታችን ሆነን በጥንቃቄ ቀነስን።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ጉጉፍቱ አድረን ተመለስን። ከደሴ በአቀስታ መንገድ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ መተኛት የምንለማመድበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘንም። ነፋሱ ገብሱን መሬት ላይ ያስተኛዋል። ጅብራ የሚባሉት የደጋ ተክሎች ሜዳው ላይ አንድ አንድ ሆነው እንደ ዘበኛ ቆመዋል። አንዲት እናት ቤታቸው አሳደሩን፤ እሳት ዳር አስቀምጠው የገብስ ቂጣና አይብ አቀረቡልን፣ ለመተኛም የበግ ቆዳ አነጠፉልን። ገንዘብ ብንሰጥ «እንግዳ ነው እንዴ የሚከፍለው?» ብለው እምቢ አሉ። ለልጆቹ ደብተር ትተን ወጣን።

ሲስተር ጣት ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ ገዝታለች፤ ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከመቶ ታሳያለች። በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላታለች። ደሴ ላይ አምስታችንም 94 እና 95 ነበርን። ጉጉፍቱ ማታ 90፣ 91፣ ጋሼ 88። ጋሼ እራት አልበሉም። ጥቂት ቆይተው «ራሴን እያመመኝ ነው፤ ሁለተኛው መስመር» አሉ። የወረቀቱን ማለታቸው ነው። ሲስተር ውኃ ሰጠቻቸው፣ ጀርባቸውን ከፍ አድርጋ አስተኛቻቸው፣ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነስታ አየቻቸው። ጠዋት ለቋቸዋል። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቶ ነበር፤ ጋሼ በጫማቸው እየሰበሩት ትንሽ ተራመዱ።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ዕቃ ታሰረ። በሶ ሦስት ኪሎ፣ ጩኮ፣ ቆሎ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ (ታንዛኒያ ስትገቡ ይጠየቃል፣ አትርሱ)። እስከ 6,000 ሜትር የሚሸፍን የነፍስ አድን ኢንሹራንስ። ሲስተር ስለ ዳያሞክስ፣ ለከፍታ ሕመም ስለሚወሰደው መድኃኒት፣ ሐኪም ዘንድ ወሰደችን፤ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ሊቸገር ስለሚችል በራሳችሁ እንዳትጀምሩት። ሽንት ያበዛል፣ የጣት ጫፍ ይደነዝዛል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከድንጋጤ ያድናል።

እናቴ ዱዓ አድርጋልኛለች። የቲቸር እናት ለቅዱስ ሚካኤል ተስለዋል። «አብሽሩ፣ በሰላም ትመለሳላችሁ» የሚለን ሰው በዝቷል።

ጥር 18፣ እሑድ፣ ሞሺ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ተራራው ቀኑን ሙሉ በደመና ተሸፍኖ ነበር። ማታ 12 ሰዓት ላይ ተገለጠ። እኔ የፈለግኩት በጣም ዝቅ ብዬ ነው፤ ጫፉ የነበረው ደመና ነው ብዬ ካሰብኩት በላይ ነበር። ማናችንም አልተናገርንም።

ዋናው ጋይዳችን ሰውነቱ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ዕቃችንን አንድ በአንድ አስወጥቶ አየ፤ ገምባሌውን ገልብጦ የመኪናውን ቀበቶ ሲያይ ፈገግ አለ። ከዚያ ሰዓት ነገረን፦ «ሳ ሲታ ኡሲኩ»። ሌሊት 6 ሰዓት ማለት ነው። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፤ ጠዋት ላይ ሲነጋ አንድ ብለው ይጀምራሉ። ከአገሬ ወጥቼ ሰዓት ሳልቀይር ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሹፌሩ ቁርአን ቤት የተማረውን ቁጥር ይዞ ሲታ፣ ሳባ፣ ቲሳን ወዲያው ያዘ።

ጋሼን «ባባ» ይላቸዋል፣ አባት ማለት ነው። ሲስተርን «ዳዳ»፣ እህት።

ጥር 20፣ ማክሰኞ፣ ማንዳራ፣ 2,720 ሜትር

በሩ ላይ ተመዝግበን፣ ሸክሙ ተመዘነ፣ ገባን። ጫካ ነው። ጥቅጥቅ ያለ፣ የሚያንጠባጥብ። ጉሬዛዎች ነጩን ጭራቸውን አንጠልጥለው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። መንገዱ ለደሴ ሰው ቀላል ነው፤ ሹፌሩ እግሩን ይበላው ጀመር። ጋይዱ ግን ከፊት ሆኖ አንዷን እግር ከሌላዋ ፊት እንደ ሚዛን እያስቀመጠ ነው የሚሄደው። «ፖሌ ፖሌ» ይላል፣ ቀስ ቀስ። ከዚያ ተረታቸውን ነገረን፦ «ሀራካ ሀራካ ሃይና ባራካ»፤ ጥድፊያ በረካ የለውም። በረካ! ወሎዬ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ከሰዓት በኋላ ሻይ በፈንዲሻ ቀረበልን። ጋሼ ፈንዲሻውን አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ጥር 22፣ ሐሙስ፣ ሆሮምቦ፣ 3,720 ሜትር

ትላንት ከጫካው ወጥተን አስታ አስታውን ስንሄድ ውለን እዚህ ደረስን። ዛሬ እዚሁ ነን። ጠዋት እስከ ዜብራ ድንጋዮች፣ 4,000 ሜትር ገደማ ድረስ ወጥተን ተመለስን። ከፍ ብሎ መዋል፣ ዝቅ ብሎ ማደር፤ ሰውነት የሚለምደው በዚህ ነው። ድንጋዩ ላይ ነጭና ጥቁር መስመር ወርዶበታል፣ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ጅብራም አለ! የጉጉፍቱ ዘመድ፣ እዚህም እንደዚያው ቆሟል። ጎኑ ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ፣ ግንዱ በደረቀ ቅጠል የተጠቀለለ ሌላ ተክል አለ፤ ቲቸር የብርድ ካፖርቱ ነው አለን፣ የሞተውን ቅጠል የማይጥለው ግንዱ እንዳይቀዘቅዝ ነው።

ቁርስ ላይ ኡጂ የሚሉት ቀጭን ገንፎ አለ። የእኛው አጥሚት ነው። በሶዬን አካፈልኩ፤ ምግብ አብሳዩ በማር በጠበጠውና ለሁሉም አዳረሰ።

መለኪያዋ፦ እኔ 88፣ ቲቸር 87፣ ሹፌሩ 90፣ ጋሼ 86፣ ሲስተር 89። ሁላችንም በልተናል። ማንም ራሱን አላመመውም።

ተሸካሚዎቹን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። እኛ ቦርሳችን ውስጥ ውኃና ጃኬት ብቻ ይዘን እናለከልካለን። እነሱ የእኛን ዕቃ ራሳቸው ላይ አድርገው በጎናችን ያልፋሉ፣ ሰላም ብለው። አንዱን ወጣት ጫማውን አየሁት፤ ስፖርት ጫማ ነው፣ ሶሉ አልቋል። ትርፍ ካልሲና ጓንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ መጨረሻ ላይ በእጃቸው ስጡ።

ጥር 23፣ ዓርብ፣ ኪቦ ጎጆ፣ 4,700 ሜትር

በአጭሩ እጽፋለሁ፣ ጣቴ ይቀዘቅዛል። ኮርቻው የሚሉትን ሜዳ አለፍን። በቀኝ ማዌንዚ፣ የተራራው ሁለተኛ ጫፍ፣ የተሰባበረ ጥርስ የመሰለ። ከፊት ኪቦ፣ የምንወጣው ጫፍ። መሃል ላይ ሣር የለም፣ ውኃ የለም፣ አፈርና ድንጋይ ብቻ። የመጨረሻውን ውኃ ከታች ቀድተን ተሸክመን ነው የመጣነው፣ ጎጆው አካባቢ ምንጭ የለም።

እኔ 81። ጋሼ 80። ሲስተር 82። ከኛ የተሻለችው ሹፌሩን ሳይጨምር እሷ ነበረች። እራት ላይ ግን ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ተወችው። «እንቅልፍ ስላጣሁ ነው» አለች። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። 5 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሱናል።

ጥር 24፣ ቅዳሜ፣ ሆሮምቦ፣ ማታ

ሌሊት 6 ሰዓት ወጣን። ከፊት ዋናው ጋይድ፣ ቀጥሎ ጋሼ፣ ሲስተር፣ ቲቸር፣ እኔ፣ መጨረሻ ሹፌሩ። ሦስት ረዳት ጋይዶች ከጎንና ከኋላ። ከላያችን ሌሎች ቡድኖች ያበሯቸው የግንባር ባትሪዎች ዚግዛግ እየሠሩ ከኮከቡ ጋር ይቀላቀላሉ። ጠጠሩ ይንሸራተታል፤ አንድ እርምጃ ወጥተህ ግማሹን ትመለሳለህ። አንድ እርምጃ፣ አንድ ትንፋሽ፣ አንዳንዴ ሁለት። የውኃ ጠርሙሴን ገልብጬ ነው የያዝኩት፤ በረዶ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ አፉ ወደ ታች ከሆነ አይደፈንም። ይህ ትንሽ ምክር ሌሊቱን አተረፈልኝ። የሹፌሩ በቱቦ የሚጠጣ ነበር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቱቦው እንደ ብረት ደረቀ፤ ከእኔ ጠጣ።

5,150 ሜትር ላይ የሃንስ ማየር ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1889 ከባልደረባው ከሉድቪግ ፑርትሼለር ጋር መጀመሪያ ጫፍ የደረሰው ሰው ስም ነው። እዚያ ቆምን። ሲስተር ዱላዋ ከእጇ ወደቀ። አነሳሁላት። እንደገና ወደቀ። «አመሰግናለሁ» ስትለኝ ቃሉ ተጎተተ። ጋይዱ ሰማ። መጥቶ ባትሪውን ወደ መሬት አደረገና ተረከዝን ከጣት እያስነካች በቀጥታ እንድትራመድ ጠየቃት። ይህን ፈተና ራሷ ደሴ ላይ አስተምራናለች፤ አንጎል በከፍታ ሲነካ መጀመሪያ የሚጠፋው ሚዛን ነው። ሁለት እርምጃ ሄደች። ሦስተኛው ላይ ወደ ግራ ዘመመች፣ ረዳቱ ያዛት።

«ደህና ነኝ» አለች። «አሥር ደቂቃ ስጡኝ።»

ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁለት ዓመት እቁብ። የሌሊት ተረኛ ሆና እያደረች ጠዋት ጦሳ የወጣችባቸው ቀናት። ጋሼን ጉጉፍቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተነስታ ያየች እሷ ናት። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። ቲቸር መሬት መሬት ያያል። ሹፌሩ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ጋሼ ብቻ ዓይኗን አዩ። ጋይዱ «ዳዳ፣ አሁን እንወርዳለን» አላት፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ማንም አልለመነም።

ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ፣ መለኪያዋን ከአንገቷ አወጣችና አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ክሩ ሞቃት ነበር። አንዱ ረዳት በክንዷ ይዟት ወረዱ። ሁለት ባትሪ፣ ቁልቁል፣ እስኪጠፉ ድረስ አየን። «ሂዱ፣ ይበርዳችኋል» ያለችው ከታች ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ጊልማንስ ፖይንት፣ 5,685 ሜትር ስንደርስ ሰማዩ ከማዌንዚ ጀርባ ቀላ። ጋሼ ድንጋይ ተደግፈው ተቀመጡ። ፀሐይዋ ስትወጣ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኔ እዚህ ድረስ ነው» አሉ። ጋይዱ ዓይናቸውን አይቶ፣ አነጋግሮ፣ ውሳኔያቸውን ተቀበለ። አላለቀሱም፣ አላዘኑም። ዕድሜ ልካቸውን ከፍታ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸውና የደረሱበትን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ በጣታቸውም ተከተሉት። ከሁለተኛው ረዳት ጋር ወረዱ።

ሦስታችን ቀጠልን። ከጊልማንስ ወዲያ የእሳተ ገሞራው አፍ በቀኝ ነው፣ የደቡቡ የበረዶ ግግር በግራ። መሬቱ ላይ በረዶ ነበር፣ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ። በሕይወቴ በረዶ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ለስላሳ መስሎኝ ነበር። ላዩ ጠንካራ ቅርፊት ነው፤ ጫማ ሲጫነው ይሰበርና ከሥሩ ያለው እንደ አሞሌ ጨው ፍርፋሪ ይጮሃል። ዘግኜ አየሁት፣ እያንዳንዷ ፍሬ ለብቻዋ ታበራለች። ገምባሌው ሠራ፤ አንዲት ፍሬ ጫማዬ ውስጥ አልገባችም።

ግግሩ ቤት ያህላል፣ ግድግዳው ሰማያዊ መስመር አለው። ቲቸር እያለከለከ፣ በየሁለት ቃሉ እያረፈ ነገረን፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ተራራው ላይ ከነበረው በረዶ ዛሬ ከአምስት አንዱ እንኳ የለም። ለተማሪዎቹ ቁጥሩን ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ኖሯል። አሁን ፊቱ ቆሞ ጓንቱን አውልቆ ግድግዳውን በመዳፉ ነካው።

ጠዋት 2 ሰዓት አልፎ ኡሁሩ ጫፍ ደረስን። 5,895። ኡሁሩ ነፃነት ማለት ነው፤ ስሙ የወጣው ታንጋኒካ እ.ኤ.አ. በ1961 ነፃ ስትወጣ ነው። ሹፌሩ በረዶው ላይ ሱጁድ ወረደ፣ ግንባሩን እስኪያነሳ ቆምንለት። ቲቸር አማተበ። እኔ መለኪያዋን ጣቴ ላይ አደረግኩ። አላነበበችም፤ ጣት ከቀዘቀዘ ደም ስለማይደርስ ቁጥር አትሰጥም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ለሲስተር የምነግራት ቁጥር ፈልጌ ነበር።

አሥራ አምስት ደቂቃ ቆየን። ጋይዱ ከዚያ በላይ አልፈቀደም።

መውረዱ ጉልበት ይጨርሳል። ጠጠሩ ላይ ተረከዝን እየተከሉ መንሸራተት ነው። ኪቦ ጎጆ ስንደርስ ጋሼ ተኝተው አገኘናቸው። ሲስተር የለችም። ወደ ሆሮምቦ አውርደዋታል አሉን። እግሬ እንዴት ያንን ሜዳ እንደጨረሰው አላስታውስም። ካፊያ ነበር፣ ከዚያ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ።

ሆሮምቦ የምግብ ቤቱን በር ስከፍት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ጋቢዬ ውስጥ። ሳህኑ ባዶ ነው፣ ሾርባውን ጨርሳዋለች። ተነስታ በቀጥታ መጣች፣ ሳትንገዳገድ። ከአንገቴ መለኪያዋን አወጣችና «ጣታችሁን አምጡ» አለች። እኔ 87። ቲቸር 86። ሹፌሩ 89። ጋሼን ሁለት ጊዜ ለካቻቸው፣ 85። መጨረሻ ላይ የራሷን። 88።

1,400 ሜትር ገደማ ነው ያወረዷት። ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ጋይዱ በየዓመቱ ጠንካሮቹን እንደሚያወርድ ነገረን፤ ከጉብዝና ጋር አይገናኝም፣ ባለፈው ወር የወጣ ሰው በዚህ ወር ሊያቅተው ይችላል።

ጥር 25፣ እሑድ፣ ማራንጉ በር

ወረድን። ለእኛ ለሦስታችን የኡሁሩ፣ ለጋሼ የጊልማንስ የምስክር ወረቀት ተሰጠ። የተሸካሚዎቹን ጉርሻ ለእያንዳንዳቸው በእጃቸው ሰጠን። ካልሲና ጓንቱን ለዚያ ወጣት፣ ጫማዬንም ለካሁት፤ ልክ ሆነው። በነጠላ ጫማ ሞሺ ገባሁ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ፣ ደሴ

ጋሼ ቤት ቡና ጠጣን። ወረቀቱን ከላስቲኩ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት፤ እጥፋቱ ላይ ላብ ገብቶ ቀለሙ ፈስሷል፣ ፊርማዎቹ ግን ይነበባሉ። ሲስተር ሦስተኛውን መስመር አነበበችና እስክሪብቶ ጠየቀች። ከሥሩ ጻፈች፦ «ስምንት ቀን። ሌሞሾ።» በምዕራብ በኩል የሚወጣ ረጅም መንገድ ነው፣ ሰውነት ለመልመድ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። እቁቡ ከሚቀጥለው ሳምንት ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ዕጣ ለእሷ እንዲሆን ሹፌሩ አስቀድሞ ተናግሯል።

የገምባሌውን ልኬት ልብስ ሰፊው ጋ ትቼዋለሁ፣ የፈለገ ሄዶ ያሰፋ። አንድ ማሻሻያ አለ፦ ዚፑ በረዶ ስለሚይዝ ላዩ ላይ የሸራ ክዳን ይጨመርበት።

አራታችን ገምባሌያችንን ለእርማት መልሰናል። ሲስተር የሷን አልመለሰችም። ታጥቦ ከበሯ ጀርባ ተሰቅሏል።